የጣሪያው ውሃ በድንገት መምጣቱን ለመወሰን የተጠራ የቤተሰብ ስብሰባ

ቃለ ጉባኤ ቁጥር 32

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ በ8፡25 ተጀመረ።
ቦታ፦ ሳሎን። ልብስ ሰፊዋና ባሏ የሚተኙበት ፍራሽ ተጠቅልሎ ከግድግዳ ጋር ከቆመ በኋላ።

የተገኙ፦

1. ሊቀመንበር። የቤቱ ባለቤት። በመዝገብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ።
2. ምክትል ሊቀመንበርና የቁልፍ ኃላፊ። የሊቀመንበሩ ባለቤት።
3. ታክሲ ነጂው፣ አባል። የሊቀመንበሩ የበኩር ልጅ፣ የጸሐፊዋ አባት።
4. ልብስ ሰፊዋ፣ አባል። የሊቀመንበሩ ሴት ልጅ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር።
5. ቆርቆሮ ሠሪው፣ ድምጽ የሌለው አባል። የልብስ ሰፊዋ ባል። አማች ድምጽ ይኑረው አይኑረው የሚለው ከቃለ ጉባኤ ቁጥር 11 ጀምሮ በጥናት ላይ ነው።
6. ፀጉር አስተካካዩ፣ ታዛቢ። የመንገድ ዳሩን ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ። አልተጠራም። ደንበኛ ስላልነበረው መጣ።
7. ጸሐፊ። የሊቀመንበሩ የልጅ ልጅ። ጽሕፈቷ ስለሚነበብና ብዙ ስለማትናገር የተመረጠች።

ሊቀመንበሩ በቃለ ጉባኤ ውስጥ «አያቴ»፣ «አባቴ»፣ «አክስቴ» ተብሎ አይጻፍም፣ መዝገብ ዘመድ የለውም ስላሉ፣ ሁሉም በሥራቸው ተጽፈዋል።

ምልአተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት ድምጽ ያላቸው አራቱም አባላት ካልተገኙ ስለ ጣሪያ አይነሳም። ሊቀመንበሩ ቆጠሩ። ራሳቸውን ስለዘለሉ ሦስት ሆነ። ስብሰባው ለአምስት ደቂቃ ያህል ሕጋዊ አልነበረም። ምክትል ሊቀመንበሯ «አንተስ እንግዳ ነህ?» ካሏቸው በኋላ ድጋሚ ተቆጥሮ ተሟልቷል።

የስብሰባው ምክንያት፦ የልብስ ሰፊዋና የባሏ መኝታ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ 4፡00 ላይ ኮርኒሱ ወደቀ። ባልና ሚስቱ ከአራት ወር በፊት ወደ ሳሎን ስለተዛወሩ በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ልትወልድ አራት ሳምንት ቀርቷታል። ከመውለዷ በፊት ደረቅ ክፍል ትፈልጋለች። ቤቱ ኢንሹራንስ አለው። የኢንሹራንስ ድርጅቱ የጉዳት ገማች ዛሬ በ10፡00 እንደምትመጣ በስልክ አስታውቃለች። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ አንድ ቃል እንዲኖረው ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ጠርተዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ቁጥር 31ን አነበበች። ስለ ጣሪያው «ማፍሰሱን ቀጥሏል፤ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ይላል። ታክሲ ነጂው «ማፍሰሱን በትጋት ቀጥሏል» ተብሎ እንዲታረም ጠየቀ። በዚህ ቤት እንደ እሱ ያለ ዕረፍት የሚሠራ የለም አለ። ሊቀመንበሩ ቀልድ በቃለ ጉባኤ እንደማይገባ አስገነዘቡ። ይህን ማስገንዘባቸውም እንዲገባ አዘዙ።

ልብስ ሰፊዋ ጥናቱን የሚያጠናው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ራሳቸው መሆናቸውን፣ በየወሩ መጀመሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ወደ ላይ እንደሚመለከቱ ገለጹ። እሷም ለሕፃኑ ማጠቢያ የተገዛው ሳፋ የጣሪያውን ውሃ እየተቀበለ መሆኑን፣ ዕቃው ከባለቤቱ ቀድሞ ሥራ መጀመሩን አስመዘገበች።

ቆርቆሮ ሠሪው እጁን አነሳ። ድምጽ የሌለው አባል እጅ ማንሳት ይችል እንደሆነ ደንቡ ስለማይናገር፣ ጥያቄው እስኪጣራ ድረስ እጁን ዝቅ እንዲያደርግ ተነገረው። ዝቅ አደረገ።

ቃለ ጉባኤው በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ ኢንሹራንሱ የሚሸፍናቸውን ነገሮች መዘርዘር

የኢንሹራንሱ ውል በምክትል ሊቀመንበሯ ቁም ሣጥን ውስጥ በፖስታ ታሽጎ ይገኛል። ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ አልተከፈተም። ታክሲ ነጂው ከፍተን እናንብበው ቢል ሊቀመንበሩ አልተስማሙም። ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት ሲሠሩ ያልጠፋና ያልተቀደደ መዝገብ ያዩት ማንም ፈልጎት የማያውቀውን ብቻ መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ ውሉ ምን እንደሚል እያንዳንዱ አባል ከልቡ እንዲናገር ተደረገ።

ምክትል ሊቀመንበሯ ውሉ ከተፈረመ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ምንም ነገር ይሰበራል ብለው እንዳልጠበቁ ተናገሩ። የሻይ ማንቆርቆሪያቸው እጀታ በተሰበረ ጊዜ ድርጅቱ እንደከዳቸው ተሰምቷቸዋል። በተጨማሪም ከሁለት ዓመት በፊት ሰርግ ቤት የጠፋችው አንዷ ጉትቻቸው እንድትካተት ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ጉትቻዋ በገዛ ፈቃዷ ከቤት ወጥታለች በማለት ተቃወሙ። ምክትል ሊቀመንበሯ የቤት ዕቃ የትም ቢሄድ የቤት ዕቃ ነው፣ አንተም ሥራ ስትሄድ ባሌ መሆንህ አልቀረም ሲሉ መለሱ። ሊቀመንበሩ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፉ።

ታክሲ ነጂው መኪናው በግቢው ውስጥ ስለሚያድር የቤቱ አካል እንደሆነ አስረዳ። ግቢው ጠባብ በመሆኑ መኪናው ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ደጅ ነው የሚያድረው። ፀጉር አስተካካዩ እንግዲህ ግማሹ ብቻ ነዋ ዋስትና ያለው አለ። ታክሲ ነጂው «አንተ ሰውዬ፣ ታዛቢ ማለት አፉን ዘግቶ የሚያይ ማለት ነው» አለው። ሆኖም ነገሩን ካሰበበት በኋላ፣ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ መኪናው በአፍንጫው ቢገባ ዋናው ክፍል እንደሚሸፈን ሐሳብ አቀረበ። እስካሁን በኋላው እየገባ ሲያድር ኢንሹራንስ የነበረው ትርፍ ጎማው ብቻ መሆኑን ሲረዳ በጣም አዘነ።

ፀጉር አስተካካዩ እንዲናገር ተፈቀደለት። በጣሪያው ሥር እንደሚሠራ፣ ጣሪያው ኢንሹራንስ እንዳለው፣ ስለዚህ ሦስቱ መስተዋቶቹና የሚሽከረከረው ወንበሩ ኢንሹራንስ እንዳላቸው ተናገረ። ቀጥሎም በዚህ ጣሪያ ሥር ፀጉሩ ተበላሽቷል የሚል አንድ ደንበኛ ስላለው፣ ፀጉሩም ወለሉ ላይ የወደቀው እዚሁ ስለሆነ፣ እሱንም ድርጅቱ ይመልስለት እንደሆነ ጠየቀ። ምክትል ሊቀመንበሯ ፀጉር በራሱ ጊዜ ይመለሳል አሉ። ጥያቄው ተዘጋ።

ምክትል ሊቀመንበሯ ድርጅቱ የላከው ቅጽ «በቤቱ ውስጥ የሚገኙ ዕቃዎች ዝርዝር» እንደሚጠይቅ አስታውሰው፣ ሊወለድ ያለው ሕፃን ኢንሹራንስ ኖሮት እንዲወለድ አሁኑኑ ይመዝገብ አሉ። ሊቀመንበሩ ሕፃኑ በቤቱ ውስጥ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ በሚገኝ ሰው ውስጥ መሆኑን አመለከቱ። ታክሲ ነጂው በፖስታ ውስጥ ያለ ደብዳቤም መዝገብ ቤት ገብቷል ነው የሚባለው አለ። ሊቀመንበሩ በዚህ ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ በልጃቸው ኮሩ። ቆርቆሮ ሠሪው ልጁ ዕቃ አይደለም ሲል ያለፈቃድ ተናገረ። ያለፈቃድ የተነገረ መሆኑ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦

2.1 ጉትቻዋ ባለችበት ቦታ ሁሉ የዚህ ቤት ዕቃ ናት።
2.2 ታክሲው ከዛሬ ጀምሮ በአፍንጫው ይግባ።
2.3 የፀጉር አስተካካዩ መስተዋቶች ተሸፍነዋል። ደንበኛው አልተሸፈነም።
2.4 ሕፃኑ «በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ» ተብሎ ይመዝገብ። ልብስ ሰፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች።

አጀንዳ 3፦ የውሃውን ድንገተኛነት መወሰን

ፀጉር አስተካካዩ ከአንድ ደንበኛው የሰማውን አካፈለ። ድርጅቱ የሚክሰው በድንገት ለደረሰ ጉዳት ብቻ ነው፣ ቀስ ብሎ ለመጣ ነገር አይከፍልም ብሎታል። ከልብስ ሰፊዋ ክፍል ሳፋው ውስጥ የሚወርደው ጠብታ ይሰማ ነበር።

ታክሲ ነጂው ውሃው ቀስ ብሎ ቢመጣም ኮርኒሱ የወደቀው በድንገት ነው ብሎ ተከራከረ። ኮርኒስ ሲወድቅ በዝግታ የወረደበት ሰው ካለ ይናገር አለ። ሊቀመንበሩ ግን ጉዳዩ ጥርጣሬ እንዳይኖረው ውሃውም ጭምር በድንገት መምጣቱ በስብሰባ ቢወሰን ይሻላል አሉ። ልብስ ሰፊዋ ይህ ውሸት አይሆንም ወይ ስትል ጠየቀች። ሊቀመንበሩ በድምጽ ብልጫ የጸደቀ ነገር ውሸት ሊሆን እንደማይችል፣ ውሸት ማለት አንድ ሰው ብቻውን ስብሰባ ሳይጠራ የሚናገረው መሆኑን አስረዱ።

በዚህ ጊዜ ቆርቆሮ ሠሪው እንደገና እጁን አነሳ። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቷ ካልተናገረ ድምጿን እንደማትሰጥ ስላስታወቀች ለሁለት ደቂቃ ተፈቀደለት። ጣሪያው የዛገው በአንድ በኩል ብቻ እንደሆነ፣ ሁለት ቆርቆሮና ጥቂት ምስማር እንደሚበቃው፣ ቆርቆሮዎቹም ከአንድ ዓመት በፊት ተቆርጠው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆመው እንዳሉ ተናገረ። ግማሽ ቀን ቢሰጠው ይጨርሰዋል። ሊቀመንበሩ ይህ ሐሳብ አዲስ አለመሆኑን፣ በቃለ ጉባኤ ቁጥር 1 ኢንሹራንስ የገባ ጣሪያ እንዳይነካ መወሰኑን አስታወሱ። የተናገሩትም እንዲህ ነው፦

«ኢንሹራንስ የገባ ጣሪያ የእኛ ብቻ አይደለም። የድርጅቱም ነው። የሰው አደራ አይነካም። አንተ ወጥተህ ብትነካው ነገ የጣሪያችሁን ዝገት የት አደረሳችሁት ቢሉን ምን እንመልሳለን?»

ቆርቆሮ ሠሪው ዝገቱን በጆንያ አስቀምጬ አስረክባቸዋለሁ አለ። ሁለት ደቂቃው አልቋል ተባለ።

ቀጥሎ ውሃው በድንገት በመጣበት ቀን ላይ ውይይት ተደረገ። ምክትል ሊቀመንበሯ ሰኞን አልፈለጉም፤ ሰኞ ልብስ ስለሚያጥቡ ውሃ አያስደነግጣቸውም። ኮርኒሱ በወደቀበት ማክሰኞ ላይ ስምምነት ተደረሰ። ገማቿ ስትመጣ ቤተሰቡ ገና እንደደነገጠ መታየት ስላለበት የመደንገጥ ልምምድ ተደረገ። የምክትል ሊቀመንበሯ ድንጋጤ እጅግ ጥሩ ነበር፤ ልምምዱ ካለቀ በኋላም ልባቸው እስኪመለስ ውሃ ጠጥተዋል። ታክሲ ነጂው ሲደነግጥ እጁን ክላክስ ወዳለበት ቦታ ይልካል። ሊቀመንበሩ የደነገጡት አዲስ ደብዳቤ እንደደረሰው ሰው መነጽራቸውን ከፍ በማድረግ ነው። ቆርቆሮ ሠሪው አልደነገጠም። ምክትል ሊቀመንበሯ «አንተ ልጅ፣ ትንሽ እንኳ ደንግጥ እንጂ» ሲሉት፣ ይወድቃል ብዬ በየወሩ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ፣ በምን ልደንግጥ ብሎ መለሰ። ክፍሉ በር አጠገብ እንዳይቆም ተወሰነ።

ጸሐፊዋ ይቅርታ ጠይቃ፣ ከቃለ ጉባኤ ቁጥር 9 እስከ 31 ባሉት ውስጥ ጣሪያው እንደሚያፈስ ሃያ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፣ እነሱስ ምን ይሁኑ አለች። ጸሐፊዋ ባልጠየቀች ይሻል ነበር ብላ አስባለች፤ ይህ ግን የስብሰባው አካል አይደለም። በመጨረሻ ታክሲ ነጂው መፍትሔ አገኘ። ጠብታዎቹ ብዙ ይሁኑ እንጂ እያንዳንዱ ጠብታ የወደቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ ድንገተኛ ነው አለ። ፀጉር አስተካካዩ አጨበጨበ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦

3.1 ውሃው ባለፈው ማክሰኞ በድንገት መጥቷል።
3.2 ከዚያ በፊት የወደቀ ጠብታ ሁሉ ለየብቻው ድንገተኛ ነው።
3.3 ገማቿ ስትጠይቅ ሁሉም አባል በአንድነት ይደነግጣል።
3.4 ቆርቆሮ ሠሪው ማብሰያ ቤት ይቆያል።

ሦስት ድጋፍ። አንድ ተቃውሞ። ተቃዋሚዋ ልብስ ሰፊዋ ስትሆን፣ ምክንያቷ ባሏ ማብሰያ ቤት አልገባም ብሏት ሳይሆን ጥፋት እንደሌለበት ስለምታውቅ መሆኑ እንዲጻፍ ጠይቃለች።

አጀንዳ 4፦ ገማቿን መቀበል

ገማቿ በ10፡10 ደረሰች። የእጅ ባትሪ፣ ካሜራና የላስቲክ ቦት ጫማ የያዘች ወጣት ናት። ታክሲ ነጂው በሩን ሲከፍት ገና እግሯን ከማስገባቷ ምክትል ሊቀመንበሯ ስለደነገጡ ሁሉም ተከትለው ደነገጡ። ገማቿ እሷ ያስደነገጠቻቸው መስሏት ይቅርታ ጠየቀች። ድንጋጤው በዚህ ምክንያት አለቀ፤ በኋላ በሚያስፈልግበት ጊዜ ለማንም አልቀረም።

ገማቿ ክፍሉን አየች። የወደቀውን ኮርኒስ ገለበጠች፣ የበሰበሰውን እንጨት በጣቷ ጫን አደረገች፣ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ወደ ሳሎን ተመልሳ ውሃው መቼ እንደጀመረ ጠየቀች። ታክሲ ነጂው «ማክሰኞ» አለ። ገማቿ ይህን የሚያሳይ የተጻፈ ነገር ይኖራችሁ ይሆን ስትል ሊቀመንበሩን ተመለከተች።

ሊቀመንበሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰነድ አምጡ ያላቸው ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ናት። ታክሲ ነጂው ሦስት ጊዜ አሳለ። ምክትል ሊቀመንበሯ በእግራቸው የሊቀመንበሩን እግር ነኩ። ሊቀመንበሩ ግን ተነስተው ነበር። ከቁጥር 1 እስከ 31 ያሉትን ቃለ ጉባኤዎች በክር እንደታሰሩ ከነማውጫቸው አቀረቡ። ማውጫው በፊደል ተራ የተዘጋጀ በመሆኑ «ጣሪያ» የሚለውን ለማግኘት ብዙ መድከም እንደማያስፈልግ ለገማቿ አሳዩዋት።

ገማቿ ለአርባ ደቂቃ አነበበች። በመካከሉ ሻይ ቀረበ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ድንገተኛ ጠብታዎች ሲወድቁ ይሰማ ነበር። አንብባ ስትጨርስ ክሩን እንደነበረ አድርጋ አሰረችና እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ በዚህ ሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እንዲህ የተሟላ ማስረጃ አይቼ አላውቅም። በራሳችሁ ላይ መሆኑ ነው እንጂ።»

ቀጥላ ውሉን ማየት ፈለገች። ምክትል ሊቀመንበሯ ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ሊቀመንበሩ ፖስታው ሲቀደድ ፊታቸውን አዞሩ። ገማቿ ውሉን እየገለጠች በቀላል ቋንቋ አስረዳች። ውሉ እሳት ቢነሳ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ነፋስ ጣሪያውን ቢገነጥል ይክሳል። ዓመት ሙሉ የሚበላ ዝገት ግን የባለቤቱ ሥራ ነው፤ በዝገቱ የተነሳ የወደቀ ኮርኒስም ምንም ያህል በፍጥነት ቢወድቅ ከዝገቱ ጋር ይቆጠራል። መኪና የራሱ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል፣ በአፍንጫው ገባ በኋላው። ተከራይ ለዕቃው ራሱ ይገባል። ወርቅ በስም ካልተዘረዘረ ዋጋ የለውም፤ ከቤት ወጥቶ ከጠፋ ደግሞ የባሰ ነው። ሕፃን ዕቃ አይደለም። ይህን ስትል ቅጹን ሁለት ጊዜ አየችው።

ፀጉር አስተካካዩ እንግዲህ ይህ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ምንድን ነው፣ የተሸፈነው ውሉ ራሱ ብቻ ነው፣ እሱም በፖስታ ነው አለ። ታክሲ ነጂው ወደ ሱቅህ ሂድ አለው። አልሄደም።

ገማቿ አንድ አንቀጽ ላይ ጣቷን አድርጋ የቤቱ ባለቤት ቤቱን መጠገን እንዳለበት፣ ጉዳት ሲጀምር ካየም እንዳይብስ ማስቆም ግዴታው እንደሆነ አነበበች። ቆርቆሮ ሠሪው ከማብሰያ ቤት ወጥቶ በር ላይ ቆመ። ድገሚው እስቲ እህቴ አላት። ደገመችው። አትንኩ የሚል ቦታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ማንም ጣሪያችሁን አትንኩ አላለም» አለች ገማቿ። «ንኩት ነው የሚለው።»

ቆርቆሮ ሠሪው ይህ ቃል በቃል እንዲጻፍ ጠየቀ። ጸሐፊዋ የሊቀመንበሩን ፈቃድ ሳትጠብቅ ጽፋዋለች።

ገማቿ የካሳው ጥያቄ ውድቅ እንደሚሆን፣ በዚህም ማዘኗን ተናገረች። ነፋስ ጣሪያ የገነጠለ ቀን ግን ቤተሰቡ ያለ ፍርሃት እንዲደውል ነገረች። ስትወጣ ማውጫው እንዴት እንደተዘጋጀ ለመሥሪያ ቤቷ ለማሳየት ፎቶ ላንሳ ወይ ብላ ሊቀመንበሩን አስፈቀደች። ፈቀዱላት። በ11፡12 ሄደች።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ የተቀደደውን ፖስታ በመዳፋቸው እያለሰለሱ «ሁሉም ተጽፎ ነበር እኮ» አሉ። ለማን እንደተናገሩት ግልጽ ባይሆንም ተመዝግቧል።

ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣ መናገር ስለከበዳት ወንበሩን ይዛ ተነሳች።

«አባባ፣ ሁሉንም አስጽፈዋል። ማዕዘኑ እርጥበት መያዙን አስጽፈዋል፣ አልጋችን መሻገቱን አስጽፈዋል፣ እኔ ሆዴን ይዤ መሬት መተኛቴን እንኳ አስጽፈዋል። ቁጥር 29 ላይ ነው። የሚያስጽፉትን አንድ ቀን መልሰው ቢያነቡት ኖሮ ያን ጣሪያ በእጅዎ ይገነጥሉት ነበር። አሁን አራት ሳምንት ቀርቶኛል። ልጄ እንዲወለድ የምትፈልጉት በየትኛው አጀንዳ ላይ ነው?»

ታክሲ ነጂው እህቱን አረጋጋለሁ ብሎ ወንበር ገፋላት። አልተቀመጠችም። ምክትል ሊቀመንበሯ ባለቤታቸውን አዩ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ጸሐፊዋ የቁጥር 29ን ቃለ ጉባኤ እንድታቀብላቸው ጠየቁ። አቀበለቻቸው። ድምጽ ሳያሰሙ አነበቡት። አጭር ነው፤ ግን ቆዩበት። ከዚያ ያለ መነጽር ምን እንዳነበቡ ምክትል ሊቀመንበሯ ሲጠይቋቸው፣ ምን እንደሚል አውቃለሁ አሉ።

በመቀጠል ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሳይሆን ያለ ምንም ውይይት፣ ድምጽ ያላቸውም የሌላቸውም እጃቸውን አንስተው፣ ፀጉር አስተካካዩም ሳይቀር፣ የሚከተለው ተወስኗል፦

5.1 በዛሬው ስብሰባ ከ2.1 እስከ 3.4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።

5.2 ምክትል ሊቀመንበሯ የሕፃኑም ይሻራል ወይ ሲሉ ስለደነገጡ (ይህኛው ልምምድ አልነበረም)፣ ሕፃኑ የሚወጣው ከዕቃ ዝርዝሩ እንጂ ከቤቱ አለመሆኑ እንዲገለጽ ተወስኗል። ልብስ ሰፊዋ እዚህ ላይ ሳቀች፤ ከዚያ ተቀመጠች።

5.3 ከቁጥር 1 እስከ 31 ባሉት ቃለ ጉባኤዎች ጣሪያውን የሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ተሽሯል። ቆርቆሮ ሠሪው ሁሉም ማለት አለመንካቱንም ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ «ሁሉም ማለት ሁሉም ነው፣ ልጄ» አሉ። ልጄ የሚለው ቃል ለመዝገብ እንደማይሆን ጸሐፊዋ ብታስታውሳቸውም እንዲጻፍ አዘዋል።

5.4 ይህን ውሳኔ የሚያጠና ኮሚቴ አይቋቋምም።

ቆርቆሮ ሠሪው 5.4 ተጽፎ ሳያልቅ ወጥቷል። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ታክሲ ነጂው ቆርቆሮዎቹን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ለማውጣት ተከተለው። ፀጉር አስተካካዩ መዶሻ ፍለጋ ወደ ሱቁ ሄዶ መቀስ ይዞ ተመለሰ፤ ሌላ ነገር የለኝም አለ። ምክትል ሊቀመንበሯ የክፍሉን መስኮት ከፍተው ወለሉን መጥረግ ጀመሩ።

ስብሰባን የመዝጋት ሥልጣን የሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ግን በዚህ ሰዓት ግቢ ውስጥ በሁለት እጃቸው መሰላል ይዘው ነበር። አማቻቸው ከላይ ሆኖ «አባባ፣ ግራውን እግር ጠበቅ ያድርጉት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያደርጋሉ። ጸሐፊዋ ደብተሩን ይዛ ወጥታ ስብሰባው ይዘጋ ወይ ብትጠይቃቸው፣ እጄ አይመችም አሉ። ስለዚህ ስብሰባው የሚዘጋው ሰው ሳይኖር በ11፡35 ተዘግቷል።

ጸሐፊዋ ምስማር እንድታቀብል ስለተጠራች ይህ ቃለ ጉባኤ ለአባላት አልተነበበም፣ አልጸደቀም።